ከበሮን ያቆመው ብረት

የሀገር ቤቱ ከበሮ ማቆሚያ አያሻውም። ማንገቻው በመቺው አንገትና ትከሻ ላይ ያርፋል፤ መቺው ሲራመድ ከበሮው አብሮ ይራመዳል፣ ሲያሸበሽብም አብሮ ይወዛወዛል። በማኅሌት ጊዜ ከወለሉ ላይ ቢጋደም እንኳ የሚደግፈው ምድር ነው። የሚያረጅ ነገር ቢኖር ቆዳው ወይም ጠፍሩ ስለሆነ የሚያድሰው ባለሙያ በየመንደሩ አይጠፋም።

የዘመናዊው ባንድ ድራም ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአንድ ተጫዋች ዙሪያ ስድስት ሰባት አካላት በየቁመታቸውና በየዝንባሌያቸው ይቆማሉ፤ ሁሉንም የሚሸከማቸው ብረት ነው። ታዳሚው የሚያየው ቀለም የተቀባውን ከበሮና የሚያብረቀርቀውን ሲምባል ብቻ ነው። ብረቱ ትዝ የሚለው ሠርጉ በደመቀበት ሰዓት የሲምባሉ ስታንድ ቁልቁል ሲንሸራተት ወይም የፔዳሉ ሞላ ሲበጠስ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚያፍረው ስታንዱን የሠራው ፋብሪካ ሳይሆን ድራመሩ ነው። የሚቀጥለውን ሥራ የሚያጣውም እርሱ ነው።

አዲስ ዕቃ የመግዛት አቅም የሌለው ሙዚቀኛ ያገለገለ ይገዛል። ያገለገለ ብረት የሚገዛ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ታሪክ ይገዛል፤ እያንዳንዱ ስታንድና ፔዳል የተወለደበትን ዘመን ችግር በአካሉ ይዞ ይኖራልና። የትኛው ብረት ዕድሜ እንዳለው፣ የትኛውም በከንቱ እንደሚከብድ ለመለየት ያንን ታሪክ ማወቅ ይረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሰው በሦስት ሰው ፈንታ

በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓና የአሜሪካ የሰልፍ ባንዶች ቤዝ ድራሙን አንድ ሰው፣ ስኔሩን ሌላ ሰው፣ ሲምባሉን ሦስተኛ ሰው ይመታ ነበር። ሙዚቃው ከአደባባይ ወደ ቲያትር ቤትና ወደ ጭፈራ አዳራሽ ሲገባ ቦታው ጠበበ፤ የቤቱ ባለቤትም ለሦስት ሰው ከሚከፍል ለአንድ መክፈልን መረጠ። አንዱ ድራመር ቤዝ ድራሙን በስቲክ መትቶ ወዲያው ወደ ስኔሩ መዞር ግድ ሆነበት። እጁ አልበቃ ሲል እግሩ ወደ ሥራ ገባ።

የመጀመሪያዎቹ የእግር ፔዳሎች በአብዛኛው ከእንጨት የተሠሩና ዘገምተኞች ነበሩ። ራግታይም የተባለው ፈጣን ሙዚቃ ሲስፋፋ ፔዳሉ ከእግሩ ጋር መሄድ አቃተው። ዊሊያም ሉድዊግ የተባለ የቺካጎ ድራመር ለራሱ ሥራ የሚሆን ፈጣን ፔዳል ሠርቶ በ1909 ከወንድሙ ከቴዎባልድ ጋር ሉድዊግ ኤንድ ሉድዊግ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ፔዳሉ ተወዳጅ ሆነ፤ ድርጅቱም በዚያው መሠረት ላይ አደገ። እንግዲህ ከዓለም ታላላቅ የድራም ፋብሪካዎች አንዱ የተመሠረተው በከበሮ ሳይሆን ከበሮውን በሚያስመታው ብረት ነው።

ከ1910ሮቹ ጀምሮ በቤዝ ድራሙ ላይና ዙሪያ የብረት ማንጠልጠያዎች በዙ። ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይባቸው ቤቶች ድራመሩ የፈረስ ኮቴ፣ የባቡርና የነጎድጓድ ድምፅ ሁሉ ማሰማት ስለነበረበት ደወሉን፣ የእንጨት ሳጥኑንና ትንንሾቹን ሲምባሎች በአንድ ተሽከርካሪ የብረት ማዕድ ላይ ይደረድር ነበር። በ1927 ባለ ድምፅ ፊልም ሲመጣ ብዙ ድራመሮች ከእነዚህ ቤቶች ሥራ ወጡ፤ ያ ሁሉ ማንጠልጠያም አብሯቸው ወደ ጓዳ ገባ።

በዚያው በ1920ዎቹ አጋማሽ ግን ሌላ ነገር እየተወለደ ነበር። ሁለት ሲምባሎችን በእግር የሚያጋጭ አጭር መሣሪያ ከድራመሩ ቁርጭምጭሚት አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ኋላ ቱቦው ረዝሞ ሲምባሎቹ እጅ ወደሚደርስበት ከፍታ ወጡ፤ ሃይሃት ተፈጠረ። በዚህ መሣሪያ መስፋፋት ዋልበርግ ኤንድ ኦጅ የተባለው የዉስተር፣ ማሳቹሴትስ ድርጅት ስሙ በቀዳሚነት ይነሳል። ይህ ድርጅት ብረታ ብረት እየሠራ ለብዙ ታዋቂ የድራም ፋብሪካዎች ያቀርብ ስለነበር በተለያየ ስም የተሸጡ የዚያ ዘመን ስታንዶች ብዙ ጊዜ የአንድ እናት ልጆች ሆነው ይገኛሉ። በስም ብቻ መምረጥ ያኔም አያዋጣም ነበር።

በ1937 ዊሊያም ሉድዊግ በአዲስ ድርጅት «ስፒድ ኪንግ» የተባለውን ፔዳል አወጣ። ሞላዎቹ በሁለቱ ምሰሶዎች ውስጥ ተደብቀው የተቀመጡለት ይህ ፔዳል ለብዙ አሥርት ዓመታት ተመረተ። የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ቦናም የተጫወተውም በእርሱ ነበር፤ በባንዱ አንዳንድ ቅጂዎች ላይ የፔዳሉ ሲጢጥታ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሲጢጥታው ጉድለት ቢሆንም ፔዳሉን ከሥራ አላስወጣውም። በዘይት ጠብታ የሚድን ጉድለትና የማይድን ጉድለት አንድ አይደሉም፤ ይህን መለየት ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ዋናው ዕውቀት ነው።

የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ሲመጣ ብረት ወደ ጦር ግንባር ዘመተ። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው ገደብ በሙዚቃ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገባው ብረታ ብረት ከመሣሪያው ክብደት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ። ፋብሪካዎቹ የከበሮውን ማጥበቂያ ሳይቀር ከእንጨት መሥራት ጀመሩ። የዚያ ዘመን ከበሮ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ውድ ነው፤ በየሳምንቱ ተሸክሞት ለሚወጣ ሙዚቀኛ ግን የሚሆን አይደለም።

ጩኸቱ ሲበረታ

ከጦርነቱ በኋላ የነበረው የጃዝ ድራመር ዕቃውን በራሱ መኪና ጭኖ፣ በራሱ እጅ ደረጃ እያወጣ ወደ ትንንሽ ክለቦች የሚገባ ሰው ነበር። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ስታንዶች ይህን ሰው ይመስላሉ፤ ቱቧቸው ቀጭን፣ እግራቸው ከወለሉ ጋር የሚተኛ፣ ክብደታቸው ለአንድ እጅ የሚበቃ ነው። የሮጀርስ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጨረሻ ያወጣው የቶም መያዣ ኳስ በጉድጓዷ ውስጥ እንደምትዞር የሚዞር በመሆኑ ከበሮውን በፈለጉት ዝንባሌ ለማቆም አስቻለ። ብረቱ ቀላልና ብልህ ነበር፤ የሚመታውም እጅ ለስላሳ ነበር።

በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 ቢትልስ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርበው 73 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተመለከታቸው። በሪንጎ ስታር ቤዝ ድራም ላይ የተጻፈውን የሉድዊግን ስም ያየ ወጣት ሁሉ ድራም ፈለገ፤ ፋብሪካውም ቀን ከሌት መሥራት ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት ቢትልስ በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም ከ55 ሺህ በላይ ታዳሚ ፊት ሲጫወቱ የሕዝቡ ጩኸት የሙዚቃውን ድምፅ ዋጠው። ከዚያ በኋላ የጊታር ማጉያው አደገ፣ መድረኩ ሰፋ፣ ድራመሩም የሚሰማ መስሎ እስኪታየው ድረስ አጥብቆ መታ። ለለስላሳ እጅ የተሠራው ቀጭን ስታንድ በዚህ ምት ፊት ይንሸራተት፣ ይንቀጠቀጥ፣ ይወድቅም ጀመር። ቤዝ ድራሙን በምስማር ከመድረኩ ጋር እስከ ማጣበቅ የደረሱ ነበሩ።

መልሱ በአብዛኛው የመጣው ከጃፓን ነው። ፐርል በ1946 በቶኪዮ ሲቋቋም ሥራው የኖታ ማስቀመጫ ስታንድ ማምረት ነበር፤ ድራም መሥራት የጀመረው ኋላ ነው። ያማሃ በ1967 ወደ ድራም ገባ። ሆሺኖ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1974 ድራሙን «ታማ» በሚል ስም ለዓለም ገበያ አቀረበ። እነዚህ ፋብሪካዎች በ1970ዎቹ የስታንዱን እግር ድርብ አደረጉት፣ ቱቦውን አወፈሩት፣ ቱቦው ከቱቦ በሚገናኝበት አንገት ላይም የናይለን ቀለበት አገቡ። ቀለበቱ ትንሽ ነገር ቢመስልም ትልቅ ለውጥ አመጣ፤ ከዚያ በፊት ማጥበቂያው ቡሎን ቱቦውን በቀጥታ እየነከሰ ያጎደጉደው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን ቱቦው ዙሪያውን እኩል ተጨብጦ ይያዛል። ሮጀርስም በዚያው አሥርት ዓመት የቱቦውን ቁመት በአንድ ማሰሪያ «የሚያስታውስ» ዘዴ አመጣ፤ ድራመሩ በየምሽቱ ቁመት ከመለካት ዳነ።

በ1977 የአሜሪካው ካምኮ ፋብሪካ ሲሸጥ የማምረቻ መሣሪያዎቹ ወደ ድራም ወርክሾፕ፣ ስሙና የንድፍ መብቱ ወደ ታማ ሄዱ። ከዚህ ውርስ የወጡት በሰንሰለት የሚጎተቱ ፔዳሎች በ1980ዎቹ ዓለምን አዳረሱ። ከቆዳና ከጨርቅ ማሰሪያ ወደ ብስክሌት መሰል ሰንሰለት የተደረገው ሽግግር የፔዳሉን ዕድሜ በእጅጉ አራዘመው።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ዋጋ ነበረው። የዚያ ዘመን ታላላቅ ባንዶች የጭነት መኪናና ዕቃ የሚሸከሙ ሠራተኞች ነበሯቸው፤ ስታንዱ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚጨነቅ ድራመር አልነበረም። ክንድ ያለው ድርብ እግር ስታንድ ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል፤ የ1960ዎቹ ቀጭን ስታንድ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ጥንካሬና ክብደት አንድ ነገር የመሰሉት በዚህ ዘመን ነው፤ ስሕተቱም እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ብረቱ የማን ነው?

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሙዚቃ መሣሪያ በመጀመሪያ የመንግሥት ንብረት ነበር። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ። ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች ተከተሉ፤ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርም የራሱን ኦርኬስትራ ያዘ። በእነዚህ ቤቶች ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነበር፤ መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ቢሰበር የሚመዘገበው በንብረት ክፍል ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የግል ባንዶች በክለቦችና በሆቴሎች ተስፋፉ። አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዋልያስ በሂልተን ስማቸው የታወቀው በዚህ ዘመን ነው፤ ዋልያስ በ1981 እስከ አሜሪካ ተጉዞ ተጫውቷል። ሙዚቀኛው ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ ነፃነት አገኘ፤ ከነፃነቱ ጋር ግን የመሣሪያው ጣጣ ወደ ራሱ ትከሻ መጣ። ማንገቻው በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ለዓመታት በጸናው የሰዓት እላፊ ምክንያት ወደ ምሽት ክበብ የገባ ታዳሚ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወት ነበር። የችክችካን ምት የሚጫወት ድራመር እግሩን ያለማቋረጥ ያሠራል። ፔዳሉ በደቂቃ 100 ጊዜ ቢረገጥ በሰዓት 6,000፣ በአምስት ሰዓት 30,000 ጊዜ ይረገጣል፤ ይህ በአንድ ሌሊት ነው። እንዲህ ላለው ሥራ ፔዳሉ ማማሩ ምንም አይፈይድም። ሞላው ሲደክም የሚተካ፣ ኩሽኔታው ሲያልቅ የሚለወጥ መሆን አለበት።

ይህ ሁኔታ የሆቴሉ ዘመን ካለፈም በኋላ አልተለወጠም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ጁባ ወይም ወደ ዱባይ ለሥራ የሚጓዝ ድራመር የሻንጣ ክብደትም ይመዘንበታል። 23 ኪሎ በሚፈቀድበት ሻንጣ ውስጥ አምስት ከባድ ስታንድ አይገባም። ለጭነት መኪና የተሠራው የሮክ ብረት ለዚህ ሰው ሸክም ነው፤ በ21ኛው መቶ ዓመት ታላላቆቹ ፋብሪካዎች የ1960ዎቹን ቀላል ስታንድ በአዲስ ጥበብ እንደገና ማምረት የጀመሩትም የእርሱ ቢጤዎች በየሀገሩ ስለበዙ ነው።

ብረቱን ማንበብ

ያገለገለ ስታንድ ሲቀርብ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በዝገቱ ላይ ነው። ዝገት ግን ሁለት ዓይነት ነው። ክሮሙን ነጠብጣብ ያደረገው የላይ ዝገት መልክ ያበላሻል እንጂ ስታንዱን አይጥልም። ቱቦው ተነቅሎ ውስጡ ሲታይ ቅርፊት የሚያራግፍ ዝገት ከተገኘ ግን ብረቱ እየተበላ ነው። እንደ ጅቡቲ፣ ምጽዋና ሞምባሳ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች የኖረ ዕቃ ጨው አዘል አየር ስለሚያገኘው ውስጡን ሳያዩ መግዛት አይገባም።

ቱቦው ብዙውን ጊዜ አረብ ብረት ነው፤ ቢጎብጥ ይቃናል፣ ቢቆረጥ ይበየዳል። መገጣጠሚያውና ማሰሪያው ግን በአብዛኛው ቀልጦ የተቀዳ የዚንክ ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ አይጎብጥም፤ ይሰነጠቃል። በተራ ብየዳም አይገጥምም፤ ይቀልጣል። ስለዚህ ቡሎኑ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ብትታይ ስታንዱ ከሩቅ ቢያብረቀርቅም ዕድሜው አልቋል። አዲስ ቀለም የተቀባ መገጣጠሚያ ሲታይም ቀለሙ ምን እንደሸፈነ መጠየቅ ይገባል።

ቀጥሎ የሚመረመረው ፊሌቶው ነው። እያንዳንዱ ቡሎን እስከ መጨረሻው ፈትቶ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ሲጠብቅ የሚላላ ወይም የሚዘል ከሆነ ፊሌቶው በልቷል። የጠፋ ዳዶ ኪሳራ የሚሆነው ልኩ ከሌለ ነው። የዛሬ ስታንዶች የሲምባል መቀመጫ በአብዛኛው ባለ 8 ሚሊሜትር ፊሌቶ ሲሆን የቆዩ የአሜሪካና የእንግሊዝ ስታንዶች ልካቸው ይለያል። የቶም መያዣም እንዲሁ ነው፤ የፐርል ክብ ቱቦና የያማሃ ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ አይዋዋሱም። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ምርቱ የተቋረጠው የሮጀርስ ብረት ድንቅ ሥራ ነው፤ መለዋወጫው ግን በቀላሉ አይገኝም።

ስታንዱ ታጥፎ እያለ አይፈተንም። እስከ መጨረሻው ቁመቱ ተዘርግቶ፣ ክንዱ ወጥቶ፣ ከባዱ ሲምባል ተጭኖበት ይገፋል። አንገቱ ላይ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ የናይለን ቀለበቱ ተሰንጥቆ ይሆናል፤ ይህ በጥቂት ገንዘብ ይተካል። ቱቦው ራሱ ተጎድጉዶ እንደሆነ ግን በየምሽቱ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ለመቆም ይገደዳል። እግሮቹ የተያያዙባቸው ሪቤቶች ቢላሉ አያስፈራም፤ ሪቤቱ ተቆርጦ በቦታው ቡሎንና ዳዶ ሲገባ ከቀድሞው ይሻላል። የጎደለ የእግር ጎማም በማንኛውም ጎማ ሠሪ ዘንድ ይገኛል።

ፔዳል ሲመረመር የእግር ማሳረፊያው ወደ ግራና ቀኝ ይነቀነቃል። ተረከዙ ላይ ያለው ማጠፊያ ከተንቀሳቀሰ ፒኑ ይለወጣል፤ ዘንጉ ራሱ በመያዣው ውስጥ ከተንቀጠቀጠ ግን ኩሽኔታው ሊለወጥ የሚችል መሆኑን ማየት ያሻል። የሃይሃት የላይኛው ዘንግ ወጥቶ በጠረጴዛ ላይ ይንከባለል፤ ጎባጣ ዘንግ እየዘለለ ሲንከባለል ራሱን ያጋልጣል። ከሁሉ በኋላ ጆሮ ይመጣል፤ ስታንዱን በጣት መታ መታ ሲያደርጉት የሚንጫጫ ነገር ካለ፣ በማይክሮፎን ፊት ያ ድምፅ አሥር እጥፍ ይሆናል።

ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡት በጋራዥ በኩል ነው። የድራመሩ ስታንድም ሲታመም የሚሄደው ወደዚያው ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግን ቤት በሌለበት ከተማ የቶርኖ ባለሙያ አይጠፋም። ስለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ይህን ብረት በሰፈሩ ያለ ሰው ሊጠግነው ይችላል ወይ የሚለው ነው። የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ የጃፓን ስታንዶች ዛሬም በየመድረኩ ቆመው የሚታዩት በውፍረታቸው ብቻ አይደለም። የሚፈቱ፣ የሚተኩ፣ የሚጠገኑ በመሆናቸው ጭምር ነው። ከእነርሱ መካከልም ለሃይሃቱና ለከባዱ ሲምባል ድርብ እግሩን፣ ለቀሪው ቀላሉን የሚመርጥ ድራመር ጀርባውንም ኪሱንም ይጠብቃል።

የሀገር ቤቱ ከበሮ ሠሪ ጠፍሩ እንደሚላላ አውቆ ዳግመኛ የሚጠብቅ አድርጎ ይወጥረዋል። ብረቱንም የሚመርጥ ሰው በዚያው ልብ ቢመርጥ አይጸጸትም። ሠርጉ ሲደምቅ ስታንዱ ከቆመ፣ ማንም ስለ ብረቱ አያነሳም፤ ድራመሩም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይጠራል።